ነሐሴን በአዋሽ ዳር

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ዝናቡም ገና አላባራም፣ ወሬውም ገና ነው።

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ላይ የሚወርድ ዝናብ ዕድለኛ ነው። ሜዳውን አጥለቅልቆ ሲያበቃ ወደ ሙገር ይወርዳል፤ ሙገር ለዓባይ ያስረክበዋል፤ ዓባይም ካርቱምን፣ ካይሮን አስጎብኝቶ ሜዲትራኒያን ያገባዋል። ከጋራው ወዲህ፣ ቡራዩ ላይ የወረደው ግን ዕጣው ሌላ ነው። ገፈርሳ ግድብ ከፊሉን ለአዲስ አበባ ቧንቧ ያስቀረዋል፣ የተረፈው በትንሹ አቃቂ አድርጎ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተንከራትቶ፣ ባሕር ሳያይ፣ አፋር በረሃ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ የሚቀር ወንዝ ነው።

እኛም ባሕር የለንም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ ቤቱን ሲገለብጡት፣ «እንግዲህ ወንዝ ዳር እንሂድ» አልኩ። ጎረቤቴ እትዬ ሰሙና ሳቁ። «በነሐሴ? ሰው አገር የሚያየው በመስከረም ነው፣ አደይ ሲፈነዳ!» እኔ ግን ክረምት ልጆችን ቤት ውስጥ ቆልፈው የሚያሳልፉት ወቅት ነው የሚለው ነገር መቼም አይዋጥልኝም። ቦቲ ጫማ ተገዛ፣ ጃንጥላ ተያዘ፣ ወጣን።

መጀመሪያ ሰበታ። ወጨጫ ጉም ለብሶ አናቱ አይታይም። በጋራው ወገብ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑ ነው። ጉሬዛዎቹ ዝናቡን ጠልተው ቅጠል ውስጥ ተሸጉጠው ነበር፤ አንዷን ብቻ በጭራዋ ለየናት። በዚሁ ልለፈው።

ዓለም ገና ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጅማ፣ ሌላው ወደ ቡታጅራ። የቡታጅራውን ያዝን። በስተ ቀኝ፣ ከአድማስ ወዲያ የበቾ ሜዳ ነው፤ በክረምት አዋሽ ይተኛበታል። ገበሬው አይጣላውም፤ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል።

ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ድልድዩ መጣ። መልካ ቁንጥሬ! ያ በበጋ ረገጥ ረገጥ አድርገው የሚሻገሩት አዋሽ፣ ቡና መስሎ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ እያጓራ ይወርዳል። ልጆቹ ዝም አሉ። እኔም።

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። እ.ኤ.አ. በ1963 ጌራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ በዚህ ወንዝ ዳር ሲያልፍ በሰው እጅ የተጠረቡ ድንጋዮች አየ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮ ጀመረ፤ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህልም አልተነሣም። ከዚያ ጣሊያኖቹ ተረከቡት። የተገኘው ምንድን ነው? በሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በብርዱ፣ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የሰው ዘር ኑሮ። ጋርባ ከተባለው ቦታ የወጣው የሕፃን መንጋጋ የሆሞ ኢሬክተስ መሆኑን አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ጽፈዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ መልካ ቁንጥሬና ባልጩት በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ እሱም በክረምት፣ ለእትዬ ንገሩልኝ።

አስጎብኚያችን፣ የአካባቢው ልጅ፣ ከጎጆዎቹ ሙዚየም አውጥቶ ወደ ቦረቦሩ ወሰደን። ዝናቡ ግድግዳውን እየላጠ ነው። ከላይ ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ከዚያ የወንዝ ጠጠር፣ እንደገና አመድ። «ተራራው ሲፈነዳ አመዱ አለበሰው፤ አዋሽ ደለል ጫነበት፤ ኋላ ራሱ አዋሽ መልሶ ቆረሰው» አለን። የቀበረም እሱ፣ ያወጣም እሱ! በበጋ ብትመጡ የሥራውን ፍርስራሽ ታያላችሁ፤ በነሐሴ ግን ሠራተኛውን ራሱን፣ እጁ ጭቃ ውስጥ እንዳለ ታገኙታላችሁ።

ትንሹ ልጄ ከቦረቦሩ ሥር የሚያብለጨልጭ ጥቁር ድንጋይ አነሣ። ባልጩት ነው። እዚያው አጠገብ፣ በዚሁ ድንጋይ ስሙን ካገኘው ሰፈር፣ የጥንቶቹ ሰዎች እያመጡ ሲስሉት ኖረዋል፤ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ሠርተውበታል። አስጎብኚው ተቆጣ። «ማሙሽ፣ ከነበረበት መልሰው! ከየትኛው አፈር እንደወጣ ካልታወቀ ተራ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።» ልጁ መለሰው፤ ግን ዞር እያለ ያየው ነበር።

ጎምቦሬ ላይ ደግሞ 700,000 ዓመት ያለፈው ጭቃ አለ። ጭቃው ላይ የእንስሳት ኮቴና የሰው እግር፤ ከሰዎቹ መካከል ገና አንድ ሁለት ዓመት የሆናቸው ሕፃናት ነበሩ። ይህን ሲሰማ ልጄ የራሱን ቦቲ አውልቆ ጭቃውን ረገጠ። ምን ልበለው?

አዳዲ ማርያም፣ ያቺ ከአለት የተፈለፈለችው፣ ስሟ ከንጉሥ ላሊበላ ጋር የሚነሣው፣ አልሆነችልንም። ከአስፋልቱ የሚገነጠለው መንገድ ማጥ ሆኖ ሾፌሩ «አልደፍርም» አለ፤ እውነቱን ነው።

ጢያ ግን ደረስን። 36 ትክል ድንጋዮች፣ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጾባቸው፣ ዝናብ ሲመታቸው ቅርጹ ጠልቆ ይታያል፤ ፎቶ አንሺዎች ፀሐይ የሚጠብቁት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ከሥራቸው የተቀበሩት ወጣቶች እንደነበሩ ቁፋሮው አሳይቷል። ትልቋ ልጄ ሰይፉን እየቆጠረች ከድንጋይ ድንጋይ ዞረች፣ እኛ ጃንጥላ ሥር ቆሎ እየበላን ጠበቅናት።

ስንመለስ ሚኒባሱ በርበሬና ቆጮ ተጭኗል፤ መስኮቱ አይከፈት፣ ሁላችንም እናስነጥሳለን። ልጄ አጠገቡ ለተቀመጡ አንዲት እናት ያየውን አንድ በአንድ ይተርካል። ስለ እግሩ አሻራ ሲደርስ አቋረጡት።

«ስንት ዓመቱ ነው አልከኝ ልጁ?»

«ሁለት ቢሆነው ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ እናቱ የት ሄዳ ነው ጭቃ ላይ የለቀቀችው?»

«እዚያው ነበሩ ይላሉ። ጉማሬም ነበረ።»

«ጭራሽ ጉማሬ!» አሉና ነጠላቸውን አጥብቀው፣ እስከ ዓለም ገና ያችን እናት ሲወቅሷት መጡ።