ከገንፎው በፊት

አድምጡኝማ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ መውለድ ዋጋ ነው። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ከተማው ከዋሽንግተን አጠገብ ያለው የሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የእኛ ሰው ጎጆ ቀልሶ፣ ምግብ ቤት ከፍቶ፣ ልጅ ወልዶ የሚያሳድግበት። ለወጌ ሦስት ነፍሰ ጡሮች አቆምላችኋለሁ። ስም አልሰጣቸውም፤ የምታውቋትን እህት፣ ምራት ወይም የሥራ ባልደረባ በቦታቸው አስቀምጡ። ወሩ መስከረም ነው፤ ሦስቱም ሦስተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ማርያምን የምትለምን አለች፣ አላህን የምትለምንም አለች። ሦስቱም መጋቢት ላይ በአንድ ሆስፒታል ይወልዳሉ። ምጡ አንድ፣ ሐኪሙ አንድ፣ አልጋው አንድ። ዋጋው ግን ሦስት ነው።

የመጀመሪያዋን እንይ። ባሏ በአንድ ትልቅ ሆቴል ቋሚ ሠራተኛ ነው፤ ኢንሹራንሱ በሥራው በኩል የተገኘ ነው፤ እሷም በእሱ ስር ገብታለች። ሰው ሁሉ «አንቺማ ምን አለብሽ» ይላታል። እስቲ ቁጥሩን እንስማ። የጤና ወጪን የሚከታተሉት ፒተርሰንና ኬኤፍኤፍ የተባሉት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ በትልልቅ ድርጅቶች ኢንሹራንስ ስር ላሉ ሴቶች ከእርግዝና እስከ አራስነት ያለው ሕክምና በአማካይ 18 ሺህ 865 ዶላር ይፈጃል። በምጥ ለወለደች 14 ሺህ 768፣ በኦፕሬሽን ለወለደች 26 ሺህ 280 ዶላር። ኢንሹራንሱ አብዛኛውን ይከፍላል፤ እናትየዋ ግን በአማካይ 2 ሺህ 854 ዶላር ከኪሷ ታወጣለች።

ኢንሹራንስ እያለ ይህ ገንዘብ ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት ዲዳክተብል የሚሉት ነው፤ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ቤተሰቡ በየዓመቱ ከራሱ የሚያወጣው ገንዘብ። የዚህች ሴት ዲዳክተብል 2 ሺህ ዶላር ነው እንበል። በመከር የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ ሌላም ሌላም ሲደረግላት የዘንድሮውን ዲዳክተብል ትጀምረዋለች። ጃንዋሪ 1 ሲነጋ ቆጠራው ወደ ዜሮ ይመለሳል። መጋቢት ላይ የሆስፒታሉ ቢል ሲመጣ 2 ሺውን እንደገና ከመጀመሪያው ትከፍላለች። እርግዝናው በሁለት ዓመት መካከል ወድቋልና ሁለት ዓመት ተከፈለበት።

መፍትሔ የለውም? አለው፤ ጊዜው ግን ያልፋል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛው የመጪውን ዓመት ኢንሹራንስ እንዲመርጥ የሚፈቅዱት በመከር ወራት ነው። ወርሃዊ መዋጮው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ዲዳክተብሉ ግን ዝቅ ያለ አማራጭ ካለ፣ ለምትወልድበት ዓመት የሚያዋጣት እሱ ሊሆን ይችላል። ይህንን ሒሳብ ባልና ሚስት ወረቀት ይዘው መሥራት ያለባቸው በመስከረምና በጥቅምት ነው። መጋቢት ላይ ቢያስቡት በሩ ተዘግቷል።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ፤ ይህ ሁሉ ነገር ከሥራ ጋር እንዴት ተጋባ? እ.ኤ.አ. በ1929 በቴክሳስ ዳላስ፣ የቤይለር ሆስፒታልን ያስተዳድር የነበረው ጀስቲን ኪምቦል ለከተማዋ መምህራን አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ እያንዳንዱ በወር 50 ሳንቲም ያዋጣ፣ የታመመው እስከ 21 ቀን ሆስፒታል ይታከም። ኪምቦል ራሱ ቀደም ሲል የትምህርት ቤቶቹ ኃላፊ ነበርና የመምህራኑን ችግር ያውቃል። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዕድር ማለት ይኸው ነው። ከዚያች መዋጮ ብሉ ክሮስ የሚባለው ትልቅ ኢንሹራንስ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ሲገድብ፣ ቀጣሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ ኢንሹራንስ መስጠት አበዙ። ሐኪም ቤትና ሥራ በዚያው ተሳሰሩ፤ ሥራ ያጣ ሕክምናም የሚያጣበት ሥርዓት እንዲህ ሥር ሰደደ።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ እንዳትረሱብኝ። በዚያው ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ የአሜሪካ መንግሥት በዝቅተኛ ማዕረግ ላሉ ወታደሮች ሚስቶች የእርግዝናና የወሊድ ሕክምናን፣ የሕፃኑንም የመጀመሪያ ዓመት ሕክምና በሙሉ ከፈለ። ገቢሽ ስንት ነው ተብላ የተጠየቀች አልነበረችም። ከአንድ ሚሊዮን በላይ እናቶች በዚህ መንገድ ወለዱ። ከጦርነቱ በኋላ መርሐ ግብሩ ተዘጋ። እናትን ያለ ዋጋ ማዋለድ ይቻል ነበር፤ አሜሪካ ራሷ አድርጋው ታውቃለች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በትግል የመጣ ነው። ቀጣሪ ለሠራተኛው በሚሰጠው ኢንሹራንስ እርግዝናን ከሌላው ሕመም ለይቶ እንዳያስቀር የከለከለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በግል ኢንሹራንስ ለሚገዙት ደግሞ እስከ 2014 ድረስ ብዙው ውል ወሊድን አይሸፍንም ነበር፤ ያረገዘችን ሴት «ቀድሞ የነበረ ሕመም አለብሽ» ብሎ መመለስም በብዙ ስቴቶች የተለመደ ነበር። ይህን ያስቆመው ኦባማኬር የምንለው የ2010ሩ ሕግ ነው።

ወደ ሁለተኛዋ እንሂድ። ዲቪ ደርሷቸው ከባሏ ጋር የገቡት በክረምት ነው። እሱ ኡበር ይነዳል፤ እሷ በሳምንት ጥቂት ቀን ካፌ ትሠራለች። ኢንሹራንስ የላቸውም። እርግዝናዋን ስትናገር አንዱ ወዳጅ በቅንነት እንዲህ ይላታል፤ «ግሪን ካርድ ያለው አምስት ዓመት ሳይሞላው ሜዲኬይድ አያገኝም»። ልጅቷ አምና ዝም ትላለች። ዶላር ስትቆጥብ ምርመራውን ታዘገያለች።

ወዳጇ ስለ ሜዲኬይድ፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች መንግሥት ስለሚከፍለው ኢንሹራንስ፣ የነገራት ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ በዚህ ጉዳይ ብዙ ያስከፍላል። አምስት ዓመቱን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሕግ ነው። በ2009 ግን ኮንግረስ ስቴቶች ለነፍሰ ጡሮችና ለልጆች ይህን የመጠበቂያ ጊዜ እንዲያነሱ ፈቀደ፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ፈቃዱን ተጠቅመውበታል። እናም ይህች እናት ገቢዋ በወሰኑ ውስጥ ከሆነ ዛሬውኑ ማመልከት ትችላለች። የገቢው ወሰን ለነፍሰ ጡር ከሌላው ሰው ሰፋ ያለ ነው፤ በማህፀኗ ያለው ልጅም እንደ አንድ የቤተሰብ አባል ይቆጠርላታል። ከገባች በኋላ ለእርግዝናና ለወሊድ ሕክምና ከኪሷ የሚጠየቅ ድርሻ የለም። በሜሪላንድ ከወለደች በኋላም 12 ወር ይቀጥልላታል፤ ልጇም እስከ አንድ ዓመቱ ያለ ሌላ ማመልከቻ ይሸፈናል። ይህ የድሃ ውርደት የሚመስለው ካለ ይህን ይስማ፤ በአሜሪካ ከሚወለዱት ልጆች ከአሥሩ አራት ያህሉ በሜዲኬይድ ነው የሚወለዱት።

ገቢያቸው ከወሰኑ ትንሽ ቢያልፍስ? ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን በሚባለው የስቴቱ ገበያ ኢንሹራንስ መግዛት ይችላሉ። በብዙ ስቴቶች የምዝገባው ወቅት ካለፈ እርግዝና ብቻውን በሩን አያስከፍትም፤ በሩ የሚከፈተው ልጁ ሲወለድ ነው፤ ያኔ ደግሞ ትልቁ ወጪ አልፏል። ኒውዮርክ በ2016 ይህን ቀየረች፤ ሜሪላንድና ዲሲም ተከተሉ። እዚህ እርግዝናዋን ሐኪም ያረጋገጠላት ሴት መመዝገብ ትችላለች፤ ቀኑ ግን የተቆጠረ ነው።

ሦስተኛዋ ልቤን ታስጨንቀኛለች። ለጥየቃ መጥታ ቪዛዋ አልፎባታል። ስሟን የትም መጻፍ ትፈራለች። ክሊኒክ አልሄደችም፤ ምጥ ሲመጣ ሆስፒታል እሮጣለሁ ብላ ነው የተቀመጠችው። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሕግ የድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል በምጥ የመጣችን ሴት ገንዘብ የላትም ብሎ ሊመልሳት አይችልም። ሕጉ መመለስን ከለከለ እንጂ ቢል መላክን አልከለከለም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ስድስት ወር ሳትታይ መቆየቷ ነው። ደም ግፊቷን ማን ለካው? ስኳሯንስ ማን አየው? በጊዜው ቢታወቅ በክኒን የሚያዝ ነገር ሳይታይ ሲቀር፣ ዋጋው በእናትና በልጅ ሕይወት ሊከፈል ይችላል።

እሷ ያላወቀችውን እኔ ልንገራችሁ። ሜሪላንድ በ2022 ባወጣችው፣ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ፣ ገቢያቸው የሚፈቅድላቸው ነፍሰ ጡሮች የመኖሪያ ወረቀት ባይኖራቸውም ይሸፈናሉ። ጎረቤቷ ቨርጂኒያ ይህን የጀመረችው ከሜሪላንድ ሁለት ዓመት ቀድማ ነው። «ካመለከትኩ ጉዳዬ ይበላሻል» የሚለው ስጋቷ የሚናቅ አይደለም፤ የስደተኛ ሕግ ይለዋወጣል። ግን ይህን ስጋት የሚፈታው በነጻ የሚያገለግል የሕግ ባለሙያ ነው፤ የሰፈር ወሬ አይፈታውም።

ቢሉ ከመጣ በኋላስ አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። በሜሪላንድ ሆስፒታሎች ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት ወለል እጥፍ ለማይበልጥ ሰዎች አስፈላጊውን ሕክምና በነጻ እንዲሰጡ በሕግ ታዘዋል። በመላው አገሪቱም ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች የእርዳታ ደንብ ሊኖራቸው ግድ ነው፤ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከላት ቀን ጀምሮ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ትችላለች። ኢንሹራንስ የሌላት ሴት ደግሞ ከ2022 ጀምሮ የዋጋ ግምት በጽሑፍ ቀድማ የመቀበል መብት አላት፤ ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ መሟገት ይቻላል። የመጣውን ወረቀት ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ መክተት ነው ዕዳውን ወደ ዕዳ ሰብሳቢ የሚያደርሰው። ዝርዝር ቢል ይጠየቅ፤ የእርዳታ ማመልከቻው ይጠየቅ፤ አስተርጓሚም ይጠየቅ።

በዚህ መካከል ከአገር ቤት ስልክ ይደወላል። «ልጄ፣ እዚያ አገር ለመውለድም ይከፈላል እንዴ?» ትላለች እናት። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእናቶች የወሊድ አገልግሎት በነጻ ነው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮ የከፈለችውም ያልከፈለችውም እኩል ትወልዳለች። ግን ነጻ ማለት በራሱ መድረስ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች ከመቶ አምስት ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ጥናት 48 ደርሰዋል። ርቀቱ፣ ትራንስፖርቱ፣ መረጃው ሌላው ዋጋ ነው። በጉራጌ ምድር ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ይህን ቀድሞ ስለተረዳ፣ አደጋ የሚያሰጋቸው ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው የሚቆዩበት ቤት ሠራ። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ያለውን መዝገብ ያጠኑ ሐኪሞች በማቆያው አልፈው ከወለዱት መካከል የሞቱት እናቶች፣ በቀጥታ ከመጡት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት መሆናቸውን አሳይተዋል። ሐኪሙ ያው ነው፤ ልዩነቱ ቀድሞ መድረስ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግም ላይ የማየው ይህንኑ ነው። ሦስቱ ሴቶች የሚከፍሉት ገንዘብ የሚወሰነው መስከረም ላይ ማን ምን እንደነገራቸው ነው። የመጀመሪያዋ ሁለት ዲዳክተብል የምትከፍለው ሰነፍ ሆና አይደለም። ሁለተኛዋ ምርመራ የምታዘገየው ልጇን ጠልታ አይደለም። ሦስተኛዋ የምትደበቀው አጥፊ ስለሆነች አይደለም። ይህ ሥርዓት የሚያውቅን ይሸልማል፣ የማያውቅን ይቀጣል፤ ይህ ደግሞ ግፍ ነው። እናት ለመውለድ ሕግ አዋቂ መሆን የለባትም። ሕጉ እስኪስተካከል ድረስ ግን የሚያውቅ ለማያውቅ የመናገር ግዴታ አለበት።

እኛ አራስ መጠየቅ እናውቅበታለን። ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይሞቃል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ እልልታው ይቀልጣል። ይህ ፍቅር የሚደርሰው ግን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ዕድሩ ለቀብርና ለደስታ የሚሰበስበውን ሰው ለሦስት ወር ነፍሰ ጡርም ይሰብስብ። በየማኅበሩ አንዲት ነርስ፣ አንድ ሶሻል ወርከር፣ አንድ ቅጽ መሙላት የሚችል ወጣት አይጠፋም። ስማቸው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። በየመስከረሙ፣ የኢንሹራንስ መምረጫው ወቅት ሳያልፍ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይመደብ።

ገንፎውን አትተዉት፤ ግን ቅጹ ይቅደም። ያረገዘች እህት ካለቻችሁ ዛሬ ማታ ደውሉላትና ሦስት ነገር ጠይቋት። ኢንሹራንስሽ ምንድን ነው? የምትወልጂው በየትኛው ዓመት ዲዳክተብል ነው? ኢንሹራንስ ከሌለሽ የት አመለከትሽ? ልጁ ሲወለድም ደግማችሁ ደውሉ፤ በመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ሕፃኑን ለማስመዝገብ ሕጉ የሚያረጋግጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። የሦስቱን ጥያቄዎች መልስ ካላወቀች ነገ ጠዋት አብራችኋት ሂዱ።