ጥገና እና ማሻሻያ

በአሜሪካ ቤት የሚያከራዩ ወገኖቻችን ለቤቱ ያወጡትን ሁሉ ብዙ ጊዜ «ጥገና» ይሉታል። የግብር ሕጉ ግን ቃሉን ጠበብ አድርጎ ነው የሚይዘው። ጥገና ቤቱን በነበረበት ይዞታ ማቆየት ነው፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ማስተካከል፣ የተሰበረ መስታወት መቀየር። ወጪው በዚያው ዓመት ከኪራይ ገቢ ላይ ይቀነሳል። ቤቱን ከነበረው የተሻለ የሚያደርግ፣ ያረጀ ዋና ክፍሉን የሚተካ ወይም ለሌላ አገልግሎት የሚያውል ሥራ ግን ማሻሻያ ይባላል። ይህ ወጪ ለመኖሪያ ቤት በ27.5 ዓመት ተከፋፍሎ በእርጅና ቅናሽ ይታሰባል። ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ በ11,000 ዶላር ያስቀየረ አከራይ በአንድ ሙሉ ዓመት የሚቀንሰው 400 ዶላር ብቻ ነው።

«ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ታዲያ እንዴት ጥገና አይሆንም?» የሚል ሙግት ይነሳል። ቅሬታው ይገባኛል፤ ገንዘቡ ከኪስ የወጣው ዛሬ ነውና። ሆኖም ዋናው ጥያቄ ሥራው ለምን ተጀመረ ሳይሆን ለቤቱ ምን አደረገለት የሚለው ነው። አዲስ ጣሪያ ለብዙ ዓመታት ኪራይ ያስገኛል፤ ወጪውም ከገቢው ጋር አብሮ መጓዙ አግባብ ነው። ስለዚህ ደረሰኝ ላይ «ጥገና» ብቻ አታስጽፉ፤ ምን እንደተሠራ በዝርዝር ይጻፍላችሁ።