ጎተራው ሞልቶ ልጁ ለምን ቀነጨረ?
እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ ወደ 38 ወረደ፤ እህል አምራቹ አማራ ክልል ግን ገና 46 በመቶ ላይ ነበር።

ለምን? እናት የመማር ዕድል ካላገኘች፣ በላይ በላይ ከወለደች፣ እርጉዝ ሆና እየለፋች ከቤተሰቡ መጨረሻ ከበላች፣ ጉዳቱ ገና ከማህፀን ይጀምራል። እንቁላሉና ቅቤው ገበያ ወጥቶ ለልጁ ድንችና ገብስ ብቻ ሲቀርለት ደግሞ ይብሳል።

በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ትኩረቱ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

የጥርባ አባወራዎች፣ ለእርጉዝ ባለቤታችሁ በቀን አንድ ማዕድ ጨምሩ። ልጁ 6 ወር ሲሞላው ከጡት ወተቱ ጋር በእንቁላል የበለጸገ ገንፎ ይጀምር።