የውብዳር ስዊዘርላንድ

ቶናው ሳይወርድ አንድ ነገር ላውጋችሁ። እዚህ ሀይሌ ጋርመንት፣ ባሕር ማዶ ዘመድ የሌለው ቤት ፈልግ ብትሉኝ እንጃ! ጎረቤታችን እትዬም ስልካቸውን ዘግተው የሚብሰለሰሉት ለዚሁ ነው። ጀርመን ያለችው የልጅ ልጃቸው ፒያኖ ትማራለች፤ ቅዳሴ ግን አልሄድም ብላለች አሉ። «ፒያኖው ነው ከእግዜር የነጠቀብኝ» ይላሉ። ቆይ እትዬ፣ የውብዳር ገብሩን ልንገርዎት።

አባቷ ከንቲባ ገብሩ ደስታ ራሳቸው የባሕር ማዶ ልጅ ናቸው። ሚስዮናውያን በልጅነታቸው ወስደው ኢየሩሳሌም፣ ኋላም ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ቅዱስ ክሪሾና በሚባል የሚስዮን ትምህርት ቤት አስተማሯቸው። ወንጌልን ከፕሮቴስታንት እጅ የተማሩት እኚህ ሰው የጎንደር ከንቲባ ሆኑ። የውብዳር የተወለደችው በ1916 ዓ.ም. ነው። ስድስት ዓመት ሲሆናት ከእህቷ ከስንዱ ጋር ወደዚያው ስዊዘርላንድ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኳት። በስድስት ዓመት! እናትየው እንዴት እንደቻሉት እንጃ። ስንዱ ኋላ ለፓርላማ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ የእሷ ወሬ ሌላ ጀበና ይፈልጋል። የውብዳር ግን ቫዮሊን ያዘች።

አገሯ ገብታ ብዙም ሳትቆይ ጣልያን መጣ። በ1929 ዓ.ም. ቤተሰቡ ተግዞ አሲናራ ደሴት፣ ከዚያም ኔፕልስ አቅራቢያ ታሰረ። ነፃነት ሲመለስ ካይሮ ሄዳ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊነኛ ዘንድ ተማረች፤ ቫዮሊንና ፒያኖ ተደምረው በቀን ዘጠኝ ሰዓት! የካይሮ ሙቀት አልስማማ ብሏት ስትመለስ መምህሩም ተከትሏት መጣ፤ የክቡር ዘበኛን ሙዚቀኞችም መራ።

አሁን ልብ በሉ። ለንደን፣ ሮያል የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል አገኘች። ሻንጣ ልታዘጋጅ ስትል ፈቃድ ተከለከለች። እህል አልቀምስም ብላ አሥራ ሁለት ቀን ቡና ብቻ እየጠጣች ተኛች። ሆስፒታል ገባች፤ ቄስ ተጠርቶ ቆረበች። ከዚያ ረጅም እንቅልፍ ወሰዳት፣ ስትነቃ ልቧ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ጠፍታ ወሎ፣ ግሸን ማርያም ገዳም ገባች። የቅዱስ ክሪሾናው ተማሪ ልጅ የኦርቶዶክስ መነኩሲት ሆነች ማለት ነው! አባትና ልጅ ስለ ሃይማኖት ምን ተባብለው ይሆን? ያን ጨዋታ በሰማሁት!

ከመነኮሱ ወዲህ እንግዲህ አንቱ ልበላቸው፤ እማሆይ ፅጌማርያም ናቸው። ግሸን አምባ ላይ አሥር ዓመት በባዶ እግራቸው ቆዩ፤ ፒያኖ የለም፣ ቫዮሊን የለም። ሲወርዱ ግን እጃቸው አልረሳም። ጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊማሩ ሄደው የቆሎ ተማሪዎች መኝታ አጥተው ደጅ ሲያድሩ አዩ። የሚሰጣቸው ገንዘብ የላቸውም፤ ያላቸው ሙዚቃ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀርመን አገር ሸክላ አስቀረጹ፤ ገቢውን ለችግረኛ ልጆች አደረጉት። እርስዎ ነጠቀብኝ ያሉት ፒያኖ፣ እትዬ፣ ምጽዋት ሰጠ!

በ1976 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም፣ አባታቸው በልጅነታቸው የተማሩባት ከተማ፣ የኢትዮጵያ ገዳም ገቡ። እዚያም በጠባብ ክፍላቸው ውስጥ ፒያኖ ነበራቸው። ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ሲል በእጃቸው የጻፉት ኖታ ታትሞ ወጣ፤ ያረፉት በ2015 ዓ.ም. መጋቢት 17 ነው። ኖታው ስላለ ዛሬ ጀርመን ያለ የፒያኖ መምህር ለየትኛዋም ተማሪ ሊያስጠናው ይችላል።