መሐንዲሱ ኢልግና ውሉ

የስዊስ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1879 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) ከሁለት የእጅ ሙያተኞች ጋር ወደ ሸዋ በመጣ ጊዜ፥ የተፈለገው ለእጁ ጥበብ ነበረ። ንጉሥ ምኒልክም በመጀመሪያ ጫማ አሠርተው እንደ ፈተኑት ይነገራል። እርሱ ግን አማርኛ ተምሮ የአገሩን ልማድ ስላወቀ፥ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ከሠራ በኋላ በ1894 የምድር ባቡርን ፈቃድ ተቀበለ፤ በ1897 ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆነ።

ችግሩም ከዚህ ይመነጫል። የባቡሩ ሥራ በአውሮጳ ገንዘብ የቆመ ስለ ነበረ፥ ኢልግ የመንግሥት መካሪና የኩባንያ ባለጥቅም ሆኖ በሁለት ወገን መካከል ቆመ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917፥ እርሱ በዙሪክ ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ የእንግዳ ባለሙያን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሥራውን ከመቍጠሩ አስቀድሞ ውሉን ሊመረምር ይገባዋል።