ድመት መንኩሳ

ደብረ ማርቆስ፣ አክስቴ ቤት፣ አንድ አውራ ድመት ነበረ። ቀን ምድጃ ሥር ተጋድሞ ያንኮራፋል፤ ሲመሽ ግን ጣራ ላይ ወጥቶ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ጦርነት ይከፍታል። የቆርቆሮው ድምፅ፣ ጩኸቱና እርግማኑ (የጎረቤቶቹን ማለቴ ነው) እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይዘልቃል። ጠዋት አንድ ጆሮው ተቀድዶ፣ አፍንጫው ተቧጭሮ፣ እንደ ዘማች እያነከሰ ይገባና በር ሥር ሽንቱን ረጭቶ ይተኛል። ይህን ሁሉ ቻሉት። አንድ ቀን ግን ሁለት ድመቶች ሲናከሱ ሊገላግል እጁን የሰደደው የአክስቴ የልጅ ልጅ ክንዱን ተነከሰ። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛልና ልጁ ክትባት ጀመረ፤ የዚያኑ ዕለት ማታ የቤተሰብ ሸንጎ ተቀመጠ።

አጎቴ ፍርዳቸውን ቶሎ ሰጡ፤ "በጆንያ ከትቶ ወንዝ ማዶ መጣል ነው።"

እኔ ከአዲስ አበባ የሰማሁትን ይዤ፣ "ለምን አይኮላሽም? ይበርዳል ይላሉ" አልኩ።

አጎቴ ሳቁብኝ። "ድመት? እንደ ወይፈን?" አክስቴ ደግሞ በተረት ዘጉት፤ "ተወው ልጄ፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።"

የገረመኝ ሳቁ ነው። ጎጃም እኮ ይህን ጥያቄ በድመት ላይ ባይሆን በበሬ ላይ ከጥንት ጀምሮ ሲመልስ የኖረ አገር ነው። ቃላቱን ብቻ ተመልከቱ። ያልተነካው ኮርማ ነው፤ የተኮላሸው ሰንጋ። ፈረሱ ሳይነካ ድንጉላ፣ ሲኮላሽ ሰንጋ ፈረስ ይባላል። በግና ፍየሉ ሙክት ይሆናል፤ የዋሸራ በግ በሚረባበት አገር ሙክት ምን እንደሆነ ማስረዳት ለቄስ ቅዳሴ ማስተማር ነው። ለተኮላሸ ድመት ግን ስም አላወጣንለትም። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ሲነገር ያስቃል።

አጎቴ እርሻቸውን ለልጆቻቸው ትተው ከተማ እስኪገቡ ድረስ በሬ ሲያስቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በድሮው አሠራር ወይፈኑ ተጥሎ ይታሰራል፤ ፍሬው የተንጠለጠለበት ጅማት በእንጨት ተይዞ ቆዳው ሳይቀደድ ይቀጠቀጣል። ሥቃዩን አልገልጸውም፤ ያየ ያውቀዋል። ኋላ የመጣውና በጣሊያናዊው የእንስሳት ሐኪም በናፖሊዮን ቡርዲዞ ስም የሚጠራው ትልቅ ጉጠትም የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ደም ሥሩን ከቆዳው በታች ይደቁሰዋል፣ ፍሬው ደም አጥቶ ይመነምናል። ገበሬው ግን አይቸኩልም። ወይፈኑ ቀንበር እስኪለምድ፣ አንገቱ እስኪደነድን ይጠብቃል።

"ከተቀጠቀጠ በኋላስ አይዋጋም?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ላም ተከትሎ ከኮርማ ጋር አይዋጋም። የማያውቀው ሰው ከተጠጋው፣ ድርቆሹን ከነኩበት ግን ሰንጋም ይወጋል።"

ይህችን መልስ ያዙልኝ። ፈረንጆቹ እዚህ የደረሱት በብዙ ድካም ነው። በ1849 እ.ኤ.አ. ቤርቶልድ የተባለ ጀርመናዊ ጎቲንገን ከተማ ውስጥ በስድስት ወጣት አውራ ዶሮዎች ላይ ሙከራ አደረገ። ፍሬያቸውን ያጡት መጮኽና መደባደብ ተዉ፤ ፍሬው ሆዳቸው ውስጥ የተተከለላቸው ግን እንደ ማንኛውም አውራ ዶሮ ጮኹ፣ ተዋጉ። ስለዚህ ጠቡን የሚያነሳሳው ነገር ከፍሬው ወጥቶ በደም የሚዞር መሆን አለበት። ይህ ነገር በ1935 እ.ኤ.አ. ቴስቶስትሮን የሚል ስም አገኘ።

ነገሥታትና ነጋዴዎች ግን ሳይንሱን አልጠበቁም፤ በሰው ላይ ሞከሩት። በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን፣ ካይሮ ተቀምጦ ስለ አገራችን የጻፈው አል-ዑመሪ ወሽሉ ስለምትባል ከተማ ያወራል። ባሮች የሚሰለቡት እዚያ ነበር። የአምሐራው ንጉሥ ድርጊቱን ተጸይፎ ከልክሎ ሳለ ነጋዴው አልተወም፤ ስልብ ዋጋው ከፍ ይላልና። የተሰለቡት ወደ ሐድያ ተወስደው እንደገና በምላጭ ይከፈታሉ፣ ቁስላቸውም ይታከማል። ከሚድኑት የሚሞቱት ይበዛሉ ይላል ጸሐፊው።

የባሪያ መንገድ ለእኛም ሩቅ አልነበረም። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ የመጣ ባሪያ፣ ቡናና ዝባድ የሚሸጥበት ታላቅ ገበያ ነበር። (ዝባድ የሚወጣው ከጥርኝ ነው፤ ለዚህም የሚታሰረው ወንዱ ነው። አክስቴ የአውራ ድመታቸውን ሽታ ሲረግሙ፣ የውጭ አገር ሽቶ ቀማሚ የጥርኙን በወርቅ ሲገዛ ኖሯል።)

ስልቡ ለምን ተፈለገ? ሴት አያይም፣ ልጅ አይኖረውም፣ ስለዚህ የሚጣላበት ጉዳይ የለውም ተብሎ ነው። አልሆነም። በ1487 እ.ኤ.አ. ቤንጋል ውስጥ የቤተ መንግሥቱ ዘብ አለቃ የነበረ ሐበሻ ስልብ ጌታውን ሱልጣን ጀላሉዲን ፈታሕ ሻህን ገድሎ ባርባክ ሻህ ተብሎ ነገሠ። ብዙ ሳይቆይ እርሱም በሌላ ሐበሻ አዛዥ ተገደለ። ኢስታንቡል ውስጥ ደግሞ ትውልዱ ከሐበሻ ምድር የሆነው ሐጂ በሽር አጋ ከ1717 እስከ 1746 እ.ኤ.አ. የሐረሙ አለቃ ሆኖ ታላላቅ ሹማምንትን ሲያሾምና ሲያስሽር ኖረ። ምላጩ ሥልጣን መሻታቸውን አልነካውም፤ በቀላቸውንም አልነካውም። ሰውን ከድመት ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ ሰውን እንደ ወይፈን ያዩት ሰላቢዎቹ ናቸው።

ወደ ድመታችን እንመለስ። በ1973 እ.ኤ.አ. ሃርት እና ባሬት የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ካደጉ በኋላ የተኮላሹ አውራ ድመቶችን ባለቤቶች ጠየቁ። ከሌላ ወንድ ጋር መደባደብ ያስቸግራቸው ከነበሩት ከመቶ 53ቱ ቶሎ ተዉ፣ 35ቱ ቀስ በቀስ ተዉ፣ 12ቱ ግን ምንም አልተለወጡም። ሽንት መርጨቱና ከቤት ርቆ መዞሩም በአብዛኞቹ ቀነሰ። ቴስቶስትሮኑ ከደም ቶሎ ይጠፋል፤ ልማዱ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ከፍርሃት፣ ከሕመም፣ ምግቡን ከመከላከል የሚመጣ ጭረትና ንክሻ ደግሞ በምላጭ ይድናል ተብሎ አይታሰብም። አጎቴ ስለ ድርቆሹ የነገሩኝ ይኸው ነው።

ተረቱንም ልብ ብዬ ሳየው አክስቴን የሚያግዝ አልሆነም። አንደኛ ነገር የመነኮሰችው ሴቲቱ ናት። ሁለተኛ፣ የማትረሳው አመሏ አይጥ ነው እንጂ ጣራ ላይ ጠብ አይደለም።

በስንት ክርክር ድመቱ ከጆንያው ተረፈ። ድመት እንደ በሬ አይቀጠቀጥም፤ ሐኪም በማደንዘዣ አስተኝቶ፣ ከረጢቱን በትንሹ ቀድዶ ፍሬውን ያወጣዋል፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። አጎቴ ቆመው አዩና፣ "ይህን ያህል ቀላል ከሆነ እኛ በሬውን ስናሠቃይ የኖርነው ምን ሆነን ነው?" አሉ፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገሩም።

ከሦስት ወር በኋላ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ጣራው እንዴት ነው?"

"ጸጥ ብሏል፤ እንቅልፍ አገኘን።"

"ሽንቱንስ?"

"ትቷል።"

"ታዲያ ተረትዎ ተሸነፈ?"

"ኧረ እዚያው ነው! ትናንት ሥጋ ስከትፍ ምን እንዳደረገኝ ጣቴን መጥተህ ብታይ!"