ሸዋና የባሕሩ መንገድ

ከአረርቲ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው፣ የምንጃር ሜዳ ዝቅ እያለ ወደ ከሰምና ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርድ ያያል። ጤፍና ሽምብራ የሚያመርተው ገበሬ፣ ለከብቱ ውሃና ሣር ከሚፈልገው ከከረዩ አርብቶ አደር ጋር የተጎራበተው በዚህ ዳርቻ ነው። ስለ ጉርብትናና ስለ ድንበር ጸጥታ ስንጽፍ ከዚህ ብንነሣ አይከፋም፤ የሸዋ ነገሥታት ታላቅ አሳብ የነበረው በዚሁ ተዳፋት በኩል ነበረና።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1805–1840 ዓ.ም.) ጠመንጃ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነበረ። መንገዱም ከአንኮበር በአልዩ አምባ ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ታጁራ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ጨው ይወጣል፤ የዝሆን ጥርስ፣ መሸሸግም አይገባንምና ባሪያም ይወርዳል። ንጉሡ የዚህን በር ጥበቃ ለደጋ መኳንንት አልሰጡም፤ የጥንት የይፋት ሡልጣኖች ዘር ለሚባሉት፣ በሃይማኖትም ለቆላው ሕዝብ ለቀረቡት ለወላስማ መሐመድ ሰጡ እንጂ። ከንጉሡ ሥራዎች ሁሉ ይህን አስተዋይነት እኛ እጅግ እናደንቃለን።

የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሐሪስ በ1833 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ሲመጣ፣ በአሳል ሐይቅ አቅራቢያ ከተከታዮቹ ሦስቱ ሌሊት በተኙበት ተገደሉ። አንኮበርም ደርሶ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ባለ16 አንቀጽ ውል ተዋዋለ። በ1835 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ሌላ ውል አስፈረመ። በሁለቱም ላይ ግን የበረሃው ባለቤት ፊርማ የለበትም። ውሉ በአንኮበር ቢቀመጥም፣ ግመሉም የውሃው ጉድጓድም በአፋሮች እጅ ነበረ።

በጦር ለመክፈት የሞከረም አልቀናውም። ሙንዚንገር በኅዳር 1868 ዓ.ም. የግብፅን ወታደር ይዞ ከታጁራ ወደ ሸዋ ሲገሠግሥ፣ አውሳ ላይ ከነባለቤቱ ተገደለ።

ነገሩ የገባው ኢጣሊያዊው አንቶኔሊ ነው። በ1875 ዓ.ም. አስቀድሞ ከአውሳው ሡልጣን ከመሐመድ ሐንፈሬ፣ ቀጥሎም በግንቦት ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተዋዋለ፤ የአሰብና የአውሳ መንገድም ለሸዋ ተከፈተ።

ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ ንግዱ ወደዚያ አዘነበለ። አውሳ ግን ከስፍራው አልተነሣም። በ1881 ዓ.ም. ሡልጣኑ ከኢጣሊያ ጋር ሌላ ውል ተፈራርመው ጥበቃዋን ተቀበሉ። የውጫሌ ውል የተፈረመው ከዚህ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 25 ቀን ነው፤ ያዋዋለውም ያው አንቶኔሊ ነበረ።